አእምሮ ወረቀት ነው ወይስ ጨለማ ክፍል? የ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች የማይታየውን እንዴት ሳሉት

«ጭንቅላቴ ሀንግ አደረገ» እንላለን። «ቻርጅ ጨርሻለሁ»፣ «ሚሞሪዬ ሞልቷል» እንላለን። ይህን የሚል ሰው የራስ ቅሉ ውስጥ ባትሪ አለ ብሎ አያምንም። ሐኪም አንጎልን ከፍቶ ሊያየው ይችላል። ሐሳብን፣ ትዝታን፣ ቅናትን ግን ከፍቶ ያየ የለም። ስለማናየው ነገር ማውራት ስንፈልግ አጠገባችን ካለው ዕቃ ስም እንዋሳለን። የኛ ዘመን ዕቃ ስልክና ኮምፒውተር ነው።

ሰሞኑን ደግሞ ብድሩ አቅጣጫ ቀይሯል። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በተወራ ቁጥር ማሽኑ «ያስባል»፣ «ይማራል»፣ «ያስታውሳል» ሲባል እንሰማለን። አእምሮ እንደ ኮምፒውተር ነው ስንል ከርመን፣ አሁን ኮምፒውተሩ እንደ አእምሮ ነው ማለት ጀምረናል። ነገሩ ግራ ለሚያጋባው ሰው የ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ጸሐፊዎች ጥሩ መማሪያ ናቸው። እነሱ ስልክ አልነበራቸውም። ወረቀት፣ ሰዓት፣ መስታወት፣ ጨለማ ክፍል፣ የክር መሣሪያ፣ ፍርድ ቤትና የወፍ ማጎሪያ ግን ነበራቸው። አእምሮንና ልብን ያስረዱት፣ የተከራከሩበትና የቀለዱበት በነዚህ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዘይቤ የግጥም ጌጥ አይደለም እንዴ?

ትምህርት ቤት የተማርነው እንደዚያ ነበር። ተለዋጭ ዘይቤ ማለት «እንደ» ሳይሉ አንዱን ነገር በሌላው መጥራት ነው። «እሱ አንበሳ ነው» እንደማለት። ፈተና ላይ ለይተን እናሰምርበትና እናልፋለን።

ስለማይታይ ነገር ሲወራ ግን ምስሉ ጌጥ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ነገሩን የምንይዝበት እጀታ ይሆናል። እጀታው ደግሞ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። አእምሮ ወረቀት ነው ካልን ወዲያው «ማን ጻፈበት?» እንላለን። ሰዓት ነው ካልን «ማን ይሞላዋል?» ይመጣል። ጨለማ ክፍል ከሆነ ብርሃኑ በየት ይገባል? ቤተ መንግሥት ከሆነ ዙፋኑ ላይ ማን አለ? የወፍ ማጎሪያ ከሆነስ ማን ቆለፈው? አንድ ዘመን ምን እንደሚያስጨንቀው ማወቅ የፈለገ ሰው፣ ያ ዘመን ለአእምሮ የመረጠውን ዕቃ ቢያይ ብዙ ነገር ያገኛል።

ነጩ ወረቀት ከየት መጣ?

ጆን ሎክ ሐኪምም ፈላስፋም ነበር። ሰው እንዴት እንደሚያውቅና እንደሚረዳ የጻፈው ትልቅ ድርሳን በ1689 መጨረሻ ላይ ወጣ። ሽፋኑ ላይ የታተመው ዓመት ግን 1690 ነው። በዘመኑ ብዙ ሰው አንዳንድ እውነቶች ከመወለዳችን በፊት ውስጣችን ታትመዋል ብሎ ያምን ነበር። ሎክ ይህን አልተቀበለም። ሕፃናትን ተመልከቱ፣ እንዲህ ያለ እውቀት ይታይባቸዋል ወይ? ብሎ ጠየቀ። ከዚያ አእምሮን ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ወረቀት አድርገን እንውሰደው አለ። ታዲያ ያ ሁሉ ጽሑፍ ከየት መጣ? መልሱ አንድ ቃል ነበር፦ ከተሞክሮ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች በተደጋጋሚ ይምታታሉ። አንደኛ፣ ሎክ «ባዶ ሰሌዳ» አለ እየተባለ ይጠቀሳል። ታትሞ በወጣው ድርሳኑ ላይ ያለው ግን ነጭ ወረቀት ነው። ሁለተኛው ይብሳል። ወረቀት ነው ካለ ሰውን እንደፈለጉ መሥራት ይቻላል ማለቱ ነው ተብሎ ይታሰባል። በ1693 ባወጣው ስለ ልጅ አስተዳደግ በሚናገር መጽሐፉ እርግጥ ልጁን እንደ ነጭ ወረቀት ወይም እንደፈለጉ እንደሚቀርጹት ሰም ቆጥሬዋለሁ ይላል። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ግን እግዚአብሔር በሰው አእምሮ ላይ ያተመው ጠባይ አለ፣ እንደ መልክ ጥቂት ይታረም ይሆናል እንጂ ጨርሶ አይለወጥም ይላል። ወረቀቱ ላይ ከመጀመሪያውም ማኅተም ነበረበት ማለት ነው። ምስሉ ከባለቤቱ ሐሳብ ቀድሞ ሮጧል።

ለምን ሮጠ? አንዱ ምክንያት ወረቀቱ ራሱ ይመስለኛል። በ1695 እንግሊዝ ውስጥ ከኅትመት በፊት ፈቃድ ይጠይቅ የነበረው ሕግ ሳይታደስ ቀረ። በ1702 ለንደን የመጀመሪያዋን ዕለታዊ ጋዜጣ አየች። ጋዜጣ፣ በራሪ ጽሑፍና ልብ ወለድ ከተማውን አጥለቀለቀው። ሲነጋ ወረቀት ሲመሽ ወረቀት ለሚያይ ሰው አእምሮ ወረቀት ነው ቢሉት አይገርመውም።

የሚያስቀው ደግሞ ይኸው ሎክ የዘይቤ ጠላት ነበር። እውነትን እናስተምር ካልን ምሳሌያዊ አነጋገር ፍርድን ከማሳሳት በቀር ጥቅም የለውም፣ የለየለት ማታለል ነው ብሎ ጽፏል። መጽሐፉ ግን በዘይቤ የተሞላ ነው። ትዝታ እንዴት እንደሚደበዝዝ ሲያስረዳ፣ አእምሯችን ልንገባበት የተቃረብነውን መቃብር ይመስላል ይላል። ናሱና እብነ በረዱ አሉ፣ የተቀረጸው ጽሑፍ ግን በጊዜ ብዛት ጠፍቷል። ዘይቤ ይቅር ያለው ሰው ይህን ነው የጻፈው።

ጨለማው ክፍል ውስጥ ማን ተቀምጧል?

የሎክ ሌላው ምስል ጨለማ ክፍል ነው። በዘመኑ አንድን ክፍል ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ ትንሽ ቀዳዳ መተው የታወቀ ነገር ነበር። በቀዳዳዋ የሚገባው ብርሃን የውጭውን ዓለም ተገልብጦ ግድግዳው ላይ ይስለዋል። ካሜራ የሚለው ስም ራሱ ከዚህ ክፍል የመጣ ነው። ሎክ አእምሮን ከዚህ ብዙም አይለይም አለ። ስሜት ሕዋሳት ቀዳዳዎቹ ናቸው፤ የነገሮች ምስል በነሱ በኩል ይገባል።

ወዲያው ግን አንድ ጉድለት አየ። ጨለማው ክፍል ውስጥ ያለው ምስል አይቆይም። ሰውየው ከመንገዱ ዞር ካለ ከግድግዳውም ይጠፋል። ሥዕሎቹ እዚያው ቢቀሩና በተፈለጉ ጊዜ እንዲገኙ በሥርዓት ቢደረደሩ ኖሮ ነገሩ ከሰው አእምሮ ጋር በጣም ይመሳሰል ነበር ብሎ አረመው። ካሜራው ነበር፣ ፊልሙ ገና አልተሠራም።

ሌላም ችግር አለ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል የሚያየው ማነው? ክፍሉ ውስጥ አንድ ትንሽ ሰውዬ ተቀምጧል ብንል፣ የዚያ ሰውዬ ጭንቅላት ውስጥ ደግሞ ሌላ ክፍልና ሌላ ትንሽ ሰውዬ ሊያስፈልገን ነው። ማብቂያ የለውም።

ዴቪድ ሂዩም የሚባለው ስኮትላንዳዊ ይህን ችግር ፊት ለፊት ገጠመው። በ1739 እና 1740 ባሳተመው ሥራ አእምሮ ቴአትር ቤት መሰለው። ስሜቶችና ሐሳቦች ተራ በተራ ይገባሉ፣ ያልፋሉ፣ ይመለሳሉ፣ ይቀላቀላሉ። ምስሉ ሳይደርቅ ግን አንባቢውን አስጠነቀቀ፦ የቴአትሩ ንጽጽር እንዳያሳስታችሁ። መድረኩ የት እንዳለ፣ ከምን እንደተሠራ አናውቅም። ያሉት ተዋንያኑ ብቻ ናቸው። ቤቱ የለም፣ ተመልካችም የለም። ለኔ ከዘመኑ ጸሐፊዎች ሁሉ በዚህ ጉዳይ የሂዩም ጥንቃቄ ይበልጥብኛል። ምስሉን ተጠቀመበትና የት ላይ እንደሚሰበር ራሱ አሳየ።

ስሜት ነፋስ ነው ወይስ ጌታ?

ጥንት ከግሪኮች ጀምሮ የታወቀው ምስል ነጂና ፈረስ ነው። ማስተዋል ልጓሙን ይይዛል፣ ስሜት ይጎትታል። ገጣሚው አሌክሳንደር ፖፕ በ1733 እና 1734 በወጣው ረጅም ግጥሙ ይህን ወደ ባሕር ወሰደው። ሕይወት ውቅያኖስ ነው፣ ማስተዋል ኮምፓስ ነው፣ ስሜት ደግሞ ነፋሱ ነው። ለንግድ መርከቦች አገር የሚስማማ ምስል ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ፈረስ ቢቆም ነጂው ወርዶ በእግሩ ሊሄድ ይችላል። ነፋስ የሌለው መርከብ ግን ኮምፓሱ ቢሠራም የትም አይደርስም። ስሜት ከጠላትነት ወደ ጉልበትነት ተሸጋገረ።

ሂዩም አንድ እርምጃ ጨመረ። ማስተዋል የስሜት ባሪያ ነው፣ መሆንም ያለበት ይኸው ብቻ ነው አለ። ለማለት የፈለገው ቀላል ነው። ማስተዋል መንገድ ያሳያል፣ ወዴት መሄድ እንደምንፈልግ ግን አይወስንልንም። ፍላጎት ከሌለ ስሌት ብቻውን ከወንበር አያስነሳም።

ይሁንና ያ «ባሪያ» የሚለው ቃል በጊዜው ባዶ ምስል አልነበረም። የእንግሊዝ መርከቦች አፍሪካውያንን እየጫኑ አትላንቲክን የሚሻገሩበት ዘመን ነው። ነጩን ወረቀት ያመጣው ሎክ ራሱ በባሪያ ንግድ በተሰማራው ሮያል አፍሪካን ኩባንያ ውስጥ ገንዘብ አስገብቶ ነበር። የዘመኑ ግጥሞች በፍቅር ሰንሰለት፣ በልብ እስራት፣ በስሜት ባርነት የተሞሉ ናቸው። ሰንሰለቱ ወደብ ላይ በእውን የሚሸጥ ዕቃ መሆኑን ይዞ ማንበብ ይሻላል።

ልብ ደግሞ ምን ሆነ?

ዊልያም ሃርቪ ደም በልብ እየተገፋ በሰውነት ውስጥ እንደሚዞር በ1628 አሳይቶ ነበር። ልብ ጡንቻ ነው፣ ይገፋል። ከመቶ ዓመት በኋላ የተማረ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ግን ማንም ልቤ ተሰበረ ማለቱን አላቆመም። ከሐኪሙ ጠረጴዛ ይልቅ ልማድ ይበረታል።

በዚህ ግጭት ላይ ያፌዘው ጆሴፍ አዲሰን ነው። በ1711 ከሪቻርድ ስቲል ጋር ሆኖ «ስፔክቴተር» የምትባል በየዕለቱ የምትወጣ አንዲት ቅጠል ወረቀት ጀመረ። ሰው ቡና ቤት ተቀምጦ ያነባታል። በጃንዋሪ 1712 አዲሰን በሕልሜ አየሁት ያለውን የሬሳ ምርመራ ጻፈ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ነገር ተቀምጧል፦ የአንድ ዘናጭ ጎረምሳ ጭንቅላትና የአንዲት ወንድ አማላይ ወይዘሪት ልብ።

መጀመሪያ ጭንቅላቱ ተከፈተ። አንጎል የሚመስል ነገር እንጂ አንጎል አልተገኘም። ፈላስፋው ዴካርት የነፍስ መቀመጫ ነው ያለው ፓይኒያል ዕጢ ሽቶና የብርቱካን አበባ ውኃ ይሸታል። ዙሪያው በዓይን በማይታዩ ሺህ ጥቃቅን መስታወቶች ተሸፍኗል። እዚያ ነፍስ ብትኖር ኖሮ የራሷን ውበት ስታይ ትውል ነበር ይላል። የተቀረው ክፍተት በሪባን፣ በዳንቴል፣ በፍቅር ደብዳቤና በሱረት ተሞልቷል።

በሳምንቱ ተራው የልቡ ሆነ። የልቡ የውጭ ሽፋን ላይ ስፍር ቁጥር የሌለው ጠባሳ አለ። የፍላጻ ምልክት ነው። አንዱም ግን ወደ ውስጥ ዘልቆ አልገባም። ከተገኙት ምሁራን አንዱ ቀደም ሲል ከሌላ ወይዘሪት ልብ ሽፋን ያገኘውን ቀይ ፈሳሽ እንደ ቴርሞሜትር ባለ ቱቦ ውስጥ እንዳስገባው አወጋ። የአየሩን ሙቀት አይናገርም። ላባ ያለው ባርኔጣ፣ ጥልፍ ኮት ወይም ዘርፍ ያለው ጓንት የለበሰ ሰው ሲገባ ወደ ላይ ይወጣል። ቅርጹ የተበላሸ ዊግ ወይም ወላጋ ጫማ ያደረገ ሲመጣ ዝቅ ይላል። ልቡ በእጅ ሲመዘን ቀላል ነው፤ ውስጡ ባዶ ሆኖ በብዙ ጥቃቅን ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። ክፍሎቹ በማይረባ ኮተት ታጭቀዋል። እመሐሉ ላይ አንድ ትንሽ ምስል ተገኘ። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ባለፈው ሳምንት ጭንቅላቱ የተከፈተው ዘናጭ። በመጨረሻ ልቡን ፍም ላይ ቢያደርጉት አልቃጠልም አለ። ቆመው ሲያዩት አንዴ ጧ ብሎ ጢስ ሆነ፤ ሕልመኛውም ነቃ።

በዚህ ቀልድ ውስጥ ቁም ነገር አለ። አዲሰን ዘይቤውን ቃል በቃል ወስዶ ቢላዋ አነሳበት። «ልቧ በፍላጻ ተወጋ» ትላላችሁ፣ እስቲ ጠባሳውን እንየው። «ልቧ ቀላል ነው» ትላላችሁ፣ እስቲ እንመዝነው። የሐኪሙ ልብና የገጣሚው ልብ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ሳቅ ይመጣል። ከወንዱ ዘናጭ ጭንቅላቱን፣ ከሴቷ ደግሞ ልቧን መርጠው መክፈታቸውም ልብ ይባል። የዘመኑ ልማድ ነው፦ ጭንቅላት ለወንድ፣ ልብ ለሴት።

ሰው የሙዚቃ መሣሪያ ነው ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

በሃርቪ ግኝት ልብ ቦታውን ሲያጣ ነርቭ ተካው። ሐኪሞች ስሜት ሁሉ በነርቭ ይጓዛል ማለት ጀመሩ። በወቅቱ ዝነኛ የነበረው ሐኪም ጆርጅ ቼይን በ1733 ስለ እንግሊዞች የመንፈስ ጭንቀት ባሳተመው መጽሐፍ፣ ነፍስን በደንብ በተቃኘ ኦርጋን ውስጥ የተቀመጠች ሙዚቀኛ አደረጋት። ነርቮቹ የሚመቱት ቁልፎች ናቸው። ከውጭ ሲነኩ ድምፁ ለሷ ይደርሳል። ታካሚ በዚህ ዓይን ሲታይ ዕብድ ወይም ኃጢአተኛ አይደለም። ቅኝቱ የተበላሸ መሣሪያ ነው። ለብዙ ሰው ይህ እፎይታ ነበር።

ሂዩም ደግሞ መሣሪያዎቹን ለየ። ስሜት እንደ ትንፋሽ መሣሪያ አይደለም አለ፤ በዚያ ትንፋሹ ሲቆም ድምፁም አብሮ ይቆማል። እንደ ክር መሣሪያ ነው። ከተመታ በኋላም ክሩ ይርገበገባል፣ ድምፁም ቀስ እያለ ይሞታል። ለዚህ ነው ደስ የሚል ወሬ ሰምተን እንኳ ያለፈው ሰዓት ኀዘን ወዲያው የማይለቀን። ይህን ያህል ትክክል የሆነ ምስል ብዙ አላነበብኩም።

ክር ደግሞ ሌላ ነገር ያመጣል፦ አንዱ ሲመታ አጠገቡ ያለው አብሮ ይርገበገባል። ርኅራኄን በዚህ አስረዱት። ከዚያ ነገሩ ፋሽን ሆነ። በክፍለ ዘመኑ ሁለተኛ አጋማሽ ስስ ነርቭ ያለው፣ ቶሎ የሚያለቅስ ሰው የተከበረ ሰው ሆነ። ሄንሪ ማኬንዚ በ1771 ባወጣው ልብ ወለድ ገጸ ባሕርያቱ ከማልቀሳቸው የተነሳ፣ በ1886 መጽሐፉን እንደገና ያሳተመ ሰው የእንባ ማውጫ ሠርቶ ጨምሮበታል። ማን፣ የት ገጽ ላይ እንዳለቀሰ የሚዘረዝር ማውጫ።

እነዚህን ምስሎች የቀለደባቸው አልነበረም?

ነበር እንጂ። ሎረንስ ስተርን ከ1759 እስከ 1767 በክፍል በክፍል ያሳተመው «ትሪስትራም ሻንዲ» የተባለ ልብ ወለድ የዘመኑን የአእምሮ ምስሎች ሁሉ ሰብስቦ የተጫወተባቸው ይመስላል።

ሎክ በ1700 በወጣው የድርሳኑ አራተኛ ዕትም ላይ አንድ ምዕራፍ ጨምሮ ነበር። ምንም ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሐሳቦች በአጋጣሚ አብረው ከተያያዙ፣ አንዱ ሲመጣ ሌላው ተከትሎ ይመጣል ይላል። ሎክ ይህን እንደ በሽታ ነው ያየው። ስተርን ምን አደረገ? የትሪስትራም አባት በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ማታ የቤቱን ትልቅ ሰዓት በገዛ እጁ ይሞላል። ሥርዓት ወዳድ ስለሆነ ሌላውንም የባልና ሚስት ጉዳይ እዚያው ማታ ላይ አደረገው። ሚስትየዋ ጭንቅላት ውስጥ ሁለቱ ተጣበቁ። እናም ትሪስትራም በሚጸነስበት ቅጽበት «ሰዓቱን መሙላት አልረሳህም?» ብላ ጠየቀች። ትሪስትራም የሕይወቱን መከራ ሁሉ ከዚህ ጥያቄ ይጀምራል።

የትሪስትራም አጎት ቶቢ ስለ ጊዜ ምንነት ረጅም ማብራሪያ ሲሰማ ደግሞ ጭንቅላቱ የጭስ ማውጫ መዘውር ነው ይባላል። በዘመኑ ወጥ ቤቶች በጭስ ማውጫው የሚወጣው ሙቀት የሚያሽከረክረው መዘውር ነበር፤ ሥጋ የተሰካበትን ብረት ያዞራል። የቶቢ ጭስ ማውጫ ግን አልተጠረገም። ሐሳቦቹ በጥላሸት ጠቁረው እዚያው ይሽከረከራሉ። ሰውነትና አእምሮ እንዴት እንደሚገናኙ ፈላስፎች ሲጨቃጨቁ፣ ስተርን ኮትና ገበር ናቸው አለና አለፈ። አንዱን ብትጨማድደው ሌላውም ይጨማደዳል።

ደረት ላይ መስኮት ቢኖርስ? የሚለውን የጥንት ሐሳብም አንስቶታል። ቢኖር ኖሮ ወንበር ይዞ ሄዶ፣ የመስታወት ቀፎ ውስጥ ንብ እንደሚያዩ ነፍስን ማየት በተቻለ ነበር። መስኮት ስለሌለ ግን አጎቱን ሊያሳየን የመረጠው በሌላ መንገድ ነው፦ ሰውዬው አብዝቶ በሚወደው ነገር። ቶቢ የጦር ምሽግ በአትክልት ቦታ ሲገነባ ይውላል። ያንን እዩና እሱን ታውቁታላችሁ ነው ነገሩ።

ዙፋኑ ላይ ማን ተቀመጠ?

ሄንሪ ፊልዲንግ በ1749 ልብ ወለዱ ኅሊናን በችሎቱ ዙፋን ላይ እንደተቀመጠ የአገሪቱ ሎርድ ቻንስለር ሣለው፤ ይመራል፣ ይፈርዳል፣ ነጻ ያወጣል፣ ይቀጣል። ጸሐፊው ራሱ ለንደን ውስጥ ዳኛ ነበር። አዳም ስሚዝም በ1759 ደረታችን ውስጥ የማያዳላ ተመልካችና ዳኛ አስቀመጠ።

ጸሐፊው ሳሙኤል ጆንሰን ግን ዙፋኑ ሊገለበጥ እንደሚችል ያውቅ ነበር። እዚህ ላይ ታሪኩ ወደኛ ይመጣል። ጆንሰን በ1735 ያሳተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያ የነበረው የፖርቹጋላዊው ኢየሱሳዊ የጀሮኒሞ ሎቦ የጉዞ ታሪክ ትርጉም ነው። አገራችንን በእግሩ አልረገጠም። ሆኖም በ1759 የጻፈው «ራሴላስ» ጀግናው የአቢሲንያ ልዑል ነው፤ የሚጀምረውም ልዑላን በሚታጎሩበት በአማራ ግዛት ባለ ሸለቆ ውስጥ ነው። ልዑሉ ከእህቱና ከመምህሩ ጋር አምልጦ ካይሮ ይደርሳል። እዚያ አንድ የተማረ የከዋክብት ተመራማሪ ያገኛሉ። ሰውየው አምስት ዓመት ሙሉ ዝናቡንም ፀሐዩንም የማስተዳድረው እኔ ነኝ ብሎ ያምናል። ይህን የሚለው በትህትናና በጭንቀት ነው።

ልዕልቲቱ ስትሰማ ፈገግ አለች። መምህሩ ግን አልሳቀም። ምናብ በማስተዋል ላይ የሚያገኘው ሥልጣን ሁሉ መጠኑ ይለያይ እንጂ ዕብደት ነው አለ። ሰው ብቻውን ተቀምጦ በሚያምር ምኞት ይጫወታል። ቀስ በቀስ የምናብ አገዛዝ ይጸናል። መጀመሪያ ታዛለች፣ ኋላ አምባገነን ትሆናለች። ሰውየውን ያዳነው ክርክር አይደለም። ሰው ነው። ከእንግዶቹ ጋር ሲያወጋ፣ ሲጫወት፣ የዓየሩ ኃላፊነት እየለቀቀው ሄደ።

ጆንሰን ይህን ከሩቅ አልጻፈውም። አእምሮዬን እስት ይሆን? የሚለው ፍርሃት ዕድሜ ልኩን አሳዶታል። ወዳጁ ጄምስ ቦዝዌል በ1791 ባወጣው የጆንሰን የሕይወት ታሪክ፣ የጆንሰንን አእምሮ ሮም ካለው ኮሎሲየም ጋር ያመሳስለዋል። መሐሉ ላይ ፍርዱ እንደ ብርቱ ግላዲያተር ቆሟል። ፍርሃቶቹ በዙሪያው ባሉ ጉድጓዶች ውስጥ እንደ አውሬ ያደባሉ። ይታገላቸዋል፣ ወደ ጉድጓዳቸው ይመልሳቸዋል፤ አይገድላቸውም ግን። ተመልሰው ይመጣሉ። ዳኛው ከዙፋኑ ወርዶ ሰይፍ ይዟል።

ይህ ሁሉ ለኑሮ ምን ለውጥ አመጣ?

ሜሪ ወልስተንክራፍት በ1792 የሴቶችን መብት አንስታ ስትጽፍ የሎክን ዕቃ ተጠቀመች። አእምሮ የሚሠራው በተሞክሮ ከሆነ፣ ሐሳቦችም በልጅነት የሚጣበቁ ከሆነ፣ የሴቶች ድክመት የሚባለው ነገር ተፈጥሮ ሳይሆን አስተዳደግ ነው ማለት ነው። ለዚህ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥታለች። ሴት ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በትረ ሥልጣንሽ ውበትሽ ነው ከተባለች፣ አእምሮዋ ለሰውነቷ ይታጠፋል አለች። በወርቅ በተለበጠ ማጎሪያው ውስጥ ይዞራል፤ የሚፈልገውም እስር ቤቱን ማስጌጥ ብቻ ነው።

ከአዲሰን ልብ ጋር አስተያዩት። ጌጡና የተዘጋው ክፍል እሷም ዘንድ አለ። አዲሰን ክፍሎቹን ቆጥሮ ሳቀ። እሷ በሩን ማን ዘጋው አለች።

ከሷ ጋር በአንድ ዘመን ወጣቶቹ ገጣሚዎች ሌላ ዕቃ ፈለጉ። ኤድዋርድ ያንግ ቀደም ሲል በ1759 እውነተኛ ፈጠራ እንደ ተክል ከሥሩ ይበቅላል እንጂ አይሠራም ብሎ ነበር። ሳሙኤል ቴይለር ኮልሪጅ ደግሞ በ1795 የነፋስ በገና አገኘ። መስኮት ላይ የሚቀመጥ ባለ ክር መሣሪያ ነው፤ የሚጫወተው ነፋሱ ነው። ኮልሪጅ ከሚወዳት ሣራ ጎን ተቀምጦ ሲያዳምጥ፣ ፍጥረት ሁሉ እንዲህ ያለ በገና ቢሆንስ? አንድ ሰፊ መንፈስ ቢነፍስበትና ሐሳብ ቢሆንስ? አለ። ጥያቄው አሁን ማን ጻፈው፣ ማን ሞላው መሆኑ ቀረና ማን ነፈሰበት ሆነ። ለአጥባቂ ክርስቲያን ይህ እግዚአብሔርንና ፍጥረትን ወደ ማደባለቅ የሚሄድ ነገር ነው። ሣራ ዝም ብላ በቁም ነገር አየችው። ኮልሪጅ እዚያው ግጥሙ ላይ፣ እነዚህ የከንቱ ፍልስፍና አረፋዎች ናቸው ብሎ ምስሉን መልሶ ወሰደ።